ዘጠነኛውን ፎቅ የተሸከሙት

ጥቅምት 3 ቀን

ለምትናፍቂኝ የወንድሜ ልጅ፣

ካለሽበት ጤናና መጽናናት ይድረስሽ። እኔ ከወገቤ በቀር ምንም አልል። እናትሽም ደህና ናት፤ ደህና ማለት ቢከብድም ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ሰው ሲመጣ ተነስታ ትቀበላለች።

ለቀብሩ ያልደረስሽው የጉዞ ፈቃዱ ዘግይቶብሽ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚህ ራስሽን አትቅጪ። በስልክ ያወራነው በለቅሶ የተቆራረጠ ስለነበር የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፍልሽ።

እሳቱ የተነሳው ከምሳ በኋላ ነው፤ ስምንተኛው ፎቅ ላይ ካለው የወረቀት መጋዘን። አባትሽ የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ ነውና ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው። ሊፍቱን ዘግቶ ሰዉን በደረጃ አወረደ። አንድ ጊዜ ራሱም ወርዶ ነበር አሉ። ዘጠነኛው ላይ ሦስት ሴቶች ቀርተዋል ሲባል ተመልሶ ወጣ። ሴቶቹን ወደ ደረጃው አሳልፎ የመጨረሻውን ክፍል ሊያይ ሲገባ ወለሉ ከእሱ ጋር ወደ ስምንተኛው ወረደ። ከመጋዘኑም ሌሎች ሦስት ሰዎች አልወጡም።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለ። የዚያን ሕንፃ ብረት ያቆምነው እኔና ልጆቼ፣ በያጆቼን ማለቴ ነው፣ መሆናችንን ታውቂያለሽ። ጡረታ የወጣን በያጆች ጋራዡ ደጃፍ በተቀመጥን ቁጥር ክርክሩ ይኸው ነው። ብረት የሚቀልጠው በሺህ አምስት መቶ ዲግሪ ነው። ወረቀትና ወንበር ተቃጥሎ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ብረቱ ከፋብሪካው ሲመጣም ደካማ ነበር ማለት ነው። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። አንቺ የዚሁ የብረትና የእሳት ትምህርት ሰው ስለሆንሽ፣ እሳት ብቻውን ጤነኛ ብረት እንደማይጥል ጽፈሽ ብትልኪልኝ፣ ይሰሙሻል።

መልካሙን ሁሉ ያሰማሽ።

አጎትሽ

•

ጥቅምት 21 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ነው? ስለ አባባ የጻፉትን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እናቴን ስላልተለዩዋት ውለታዎን መመለስ አልችልም።

የጠየቁኝን ግን መጻፍ አልችልም። ባይቆጡኝ ምክንያቱን ልንገርዎ።

ብረት ለመውደቅ መቅለጥ አያስፈልገውም። መድከሙ ይበቃዋል። አራት መቶ ዲግሪ ካለፈ በኋላ ጉልበቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ስድስት መቶ አካባቢ ሲደርስ ግማሹ እንኳን አይቀረውም። የቢሮ እሳት ደግሞ ስምንት መቶና ዘጠኝ መቶ ይደርሳል። ይህንን መጀመሪያ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። የአስር ዓመት ልጅ ሳለሁ ግቢያችን ውስጥ አንድ ወፍራም ቱቦ አቅልተው በጓንት ብቻ ይዘው አጎበጡት። ቱቦው አልቀለጠም ነበር። ጎበጠ እንጂ።

ይለጠጣልም። ፎቅ የሚሸከም አስር ሜትር አግዳሚ ብረት፣ ቢም የምንለው፣ እንዲያ ሲግል በአንድ መዳፍ ያህል ይረዝማል። የሚሄድበት ቦታ ከሌለው ጫፍ ላይ ያሰሩትን ቡሎኖች ይገፋል፤ ሲጎብጥና ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ይስባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዚያ ነው።

ለዚህ ነው ብረቱ ላይ ያ ግራጫ የእሳት መከላከያ ልባስ የሚረጨው፤ ሠራተኞችዎ ‹ብርድ ልብሱ› እያሉ የሚቀልዱበት። እሱ ካለ ብረቱ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ ሁለት ሰዓት ደግሞ ሰው ሁሉ የሚወጣበት ጊዜ ነው። የእኛ ግን አንድ ሰዓት እንኳን አልቆየም። እባክዎ የወደቁት ቢሞች ፎቶ ካለ ይላኩልኝ። ልባሱ በሁሉም ላይ ነበር?

አክባሪዎ

•

ኅዳር 9 ቀን

ለተማርሽው ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። ያንቺን ደብዳቤ ጋራዡ ደጃፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ቀጭኑን ታስታውሺዋለሽ፣ ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት የበየደውን? «እኛ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስንበይድ ብረት ደከመኝ ብሎን አያውቅም» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። እኔም ሳቅኩ።

ነገሩን ግን ላስረዳሽ። እኔ የማውቀውን ብረት በእጄ ነው የማውቀው። ያን ቱቦ ያቀላሁት በኦክስጅን ነበልባል፣ አንድ ቦታ ላይ አነጣጥሬ ነው። የክፍል እሳት እንደዚያ አያነጣጥርም፤ ይዞራል፣ ጭስ ይሆናል፣ መስኮት ሰብሮ ይወጣል። ትልቅ ቢም ደግሞ ቱቦ አይደለም፤ ሙቀቱን ጠጥቶ ወደ ጎን ያካፍለዋል። በቤተ ሙከራ የሚሆነው ሁሉ ሕንፃ ላይ አይሆንም። እናንተ ምድጃ ውስጥ ታስገቡታላችሁ፣ እኛ ሰማይ ላይ እናቆመዋለን።

ፎቶ የለኝም። ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ዘበኛ ቆሟል። ኮሚቴው ጠርቶኝ ነበር፤ በወገቤ ምክንያት ሌላ ቀን እንዲሰጡኝ አስነገርኩ።

እናትሽ የአባትሽን ልብሶች ማጠብ ጀምራለች። ንጹሕ የነበሩትንም ጭምር። በያዝሽው ሥራ ይቅናሽ፤ ብቻ የፋብሪካውን ነገር ደግመሽ አስቢበት።

አጎትሽ

•

ኅዳር 24 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

በጤናዎ ላይ ጤና ይጨመርልዎ። ስለ ክፍል እሳት ካሉት ግማሹ ልክ ነው። ትልቅ ቢም ቀስ ብሎ ይግላል፤ ሙቀቱንም ወደ ጎን ያካፍላል። እዚህ ካሉት ባልደረቦቼ ጋር ይህንኑ ስንከራከር ነው የምንውለው። ግን ቀስ ብሎ ማለት አይግልም ማለት አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አለቃዬን አስፈቅጄ ሁለት ቢሞች የቤተ ሙከራው ምድጃ ላይ አጋደምን። እኩል ክብደት ጫንባቸው። አንደኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ልባስ አለው። ሁለተኛውንም እንዲሁ አለበስነውና መሐሉ ላይ አንድ ክንድ የምታህል ቦታ ላጥንለት። በምድጃው መስታወት በኩል ቆሜ አየሁ። የለበሰው ሁለት ሰዓት ሲሞላ እንኳን ቀጥ እንዳለ ነበር። የተላጠው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው መሐሉ ላይ ቀላ፤ ከዚያ ሰው ወንበር ላይ እያንቀላፋ እንደሚጎብጠው ጎበጠ። ድምፅ እንኳን አላሰማም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ወጥቼ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

ይህን ሙከራ ለምን እንዳደረግሁ ልንገርዎ። እናቴ ከጋዜጣ ቆርጣ የላከችልኝ ፎቶ ላይ የወደቁት ቢሞች በደንብ ይታያሉ። ልባሱ አለ። ግን በየሁለት ሜትሩ አንድ ክንድ፣ አንድ ክንድ እያለ ባዶ ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። በእያንዳንዱ ባዶ ቦታ መሐል የአየር ቱቦ ማንጠልጠያ ተበይዷል። አጎቴ፣ እሳት በእኩል ርቀት ለክቶ አይልጥም።

ባለፈው የጠየቅሁዎትን አልመለሱልኝም። ማን ነው የላጠው?

አክባሪዎ

•

ጥር 30 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን አለሽ።

መልስ ያዘገየሁት ታምሜ ነው። ደግሞም የምጽፈው አልነበረኝም። እናትሽ ጉንፋን ይዟት ተሽሏታል።

ስለ ብረት መጻፍሽን እንድታቆሚ እለምንሻለሁ። አባትሽን ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ሬሳውን የለየሁት እኔ ነኝ፣ አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ። አንቺ በመስታወት ውስጥ እሳት ታያለሽ። እኔ ጭሱን ተንፍሼዋለሁ። የሞተ ሰው በዲግሪ አይነሳም። ከእንግዲህ ስለ ጤናሽና ስለ ኑሮሽ ብቻ ጻፊልኝ፤ እሱን በደስታ አነባለሁ።

አጎትሽ

•

የካቲት 14 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። እሺ፣ ስለ አባባ ሕንፃ አልጠይቅዎትም። ማን እንደላጠውም አልጠይቅም።

ተማሪ ሳለሁ የጻፉልኝን ደብዳቤ ሁሉ አስቀምጫለሁ። የቢሮው ሕንፃ በተሠራበት ዓመት ከጻፏቸው አንዱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ዘንድሮ እጄ ሁለት ሕንፃ ላይ ነው፤ ጠዋት ቢሮውን፣ ከሰዓት ሰማያዊውን። ሰዎቹም እኔው፣ መሮውም ያው።» ሰማያዊው አሥራ አራት ፎቅ ነው። መኖሪያ ነው። ልጆች አሉበት፣ መራመድ የማይችሉ ሽማግሌዎች አሉበት።

ለኮሚቴው ራሴ ልጽፍ እችላለሁ። ግን ከዚህ ሆኜ የማውቀው ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነው። የት የት እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አባባ አልፏል፤ እነዚያ ግን ዛሬ ምሳቸውን እየሠሩ ነው።

የወንድምዎ ልጅ

•

መጋቢት 2 ቀን

ልጄ፣

ዛሬ ሰላምታውን ማሳመር አልቻልኩም፤ ይቅር በዪኝ።

የላጥነው እኛ ነን። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የአየር ቱቦዎቹ ዘግይተው መጡ፤ ልባሱ ተረጭቶ፣ ረጪዎቹም ዕቃቸውን ሰብስበው ሄደው ነበር። ማንጠልጠያዎቹን ቢሙ ላይ መበየድ ነበረብን። ልባሱ ላይ ሲበየድ ይጨሳል፣ ብየዳውም አይዝም። ስለዚህ በመሮና በሽቦ ብሩሽ እያንዳንዱን አንድ ክንድ አስላጥኩ። ቀጭኑ «ብርድ ልብሱን ገፈፍነው፣ ማን መልሶ ሊያለብሰው ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መሐንዲሱ ረጪዎቹን እጠራለሁ አለ። አልጠራም። እኔም ዝም አልኩ። የርክክቡ ቀን ሲደርስ «ኮርኒሱ ይሸፍነዋል» ብዬ ፈረምኩ። በሰማያዊውም እንዲሁ።

ስለ ምድጃሽ የጻፍሽልኝን ሳነብ አዲስ ነገር አልነበረም። ብረት ሳይቀልጥ እንደሚደክም ጋራዡ ደጃፍ የሚቀመጥ ሁሉ ያውቃል። የፋብሪካውን ነገር ያመጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የጻፍኩልሽ።

የባሰው ገና ነው። አባትሽ ያውቅ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የሚያንጠባጥብ ቱቦ ሊጠግን የስድስተኛውን ኮርኒስ ከፍቶ አየው። የዚያኑ ዕለት፣ አቧራው ከራሱ ሳይራገፍ፣ ቤቴ መጣ። «ይኼ ነገር እንዲህ ሆኖ ነው የሚቀረው?» አለኝ። ወንድሜ፣ ተወው፣ ነገሩ ቢነሳ መጀመሪያ የሚያባርሩት አንተን ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ሆድ ይፍጀው ብለን ኖርን። እሱ ግን የእሳት ማጥፊያዎቹን በየወሩ ይፈትሽ ነበር፤ ማንም ሳያዘው።

የእሳቱ ቀን ወርዶ ነበር አሉ ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። አሉ የለም። እዚያው በሩ ላይ ነበርኩ። ጭስ አይቼ በሩጫ ነው የደረስኩት። አባትሽ ፊቱ ጠቁሮ ወጣ፤ ሴቶቹ ዘጠነኛው ላይ እንደቀሩ ነገሩት። ትከሻዬን ያዘኝ። የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ አጠገቤ ቆሟል፣ ሰዉ ራቅ ብሎ ይጮኻል።

«ዘጠነኛውን የተሸከሙትንም ልጣችኋቸዋል?» አለኝ።

«አልላጥንም» አልኩት።

«እንግዲያው ጊዜ አለኝ» ብሎ ዞረ።

አስቤ የዋሸሁ እንዳይመስልሽ። አሥራ አንድ ዓመት ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው እሱን ነበር፤ ከአፌ የወጣው ያው ነው። መልሼ ልጠራው አፌን ከፍቼ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ዞሮ አየኝ። ዘጋሁት።

ነገ ጠዋት ኮሚቴው ዘንድ እሄዳለሁ። ስለ ሰማያዊው እነግራቸዋለሁ።

አጎትሽ፤ እንዲህ ብለሽ ልትጠሪኝ ከቻልሽ

•

ሚያዝያ 6 ቀን

ልጄ፣

ካለሽበት ደህንነትሽን ያሰማኝ። መልስ አልጻፍሽልኝም። አልፈርድብሽም። የሆነውን ማወቅ ግን ይገባሻልና ሳልጠየቅ እጽፋለሁ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ። የትኛው ፎቅ፣ የትኛው ቢም፣ ስንት ቦታ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጸሐፊዋ «ኮርኒሱ ይሸፍነዋል» ያልኩትን እንደ ቃሌ እንድትጽፈው ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር። ከዚያ ሁሉንም አንብባልኝ ፈረምኩ።

በሦስተኛው ቀን የሰማያዊውን ኮርኒስ ከፈቱ። ከአሥራ አራቱ ፎቅ በአሥሩ ብረቱ እንደተገፈፈ ነው። አርባ ስድስት ቤተሰብ ውጡ ተባለ። እኔም ሄጄ ነበር፤ የት የት እንደሆነ እንዳሳያቸው ጠርተውኝ። ፍራሽ በራሳቸው የተሸከሙ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ደረጃው ላይ አለፉኝ። አንዱ ማን እንደሆንኩ ሰምቶ እግሬ ሥር ተፋ። አንዲት ልብስ ሰፊ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ የስፌት መኪናዋን እንዳግዛት ጠየቀችኝ። ከሰባተኛው እስከ ታች ተሸከምኩላት። ወገቤ ይኸው እስካሁን አልተመለሰም። ይገባኛል።

ቀጭኑ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። ስሙን ግን አልሰጠሁም፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው ያለፍኩት። መሐንዲሱ አላስታውስም ብሏል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዷል፤ ግንቦት መጨረሻ ቀጠሮ ነው። አንቺንም በባለሙያነት ሊጠሩሽ እንደሚፈልጉ ሰምቻለሁ።

ለእናትሽም ነገርኳት፤ መላጡን፣ መፈረሜን፣ አባትሽም ያውቅ እንደነበር። የአባትሽን የሥራ ቱታ እያጣጠፈች ነበር። ማጣጠፏን አላቋረጠችም። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እንደሚወድቅ እያወቀ ለምን ተመልሶ ወጣ? እኔን ማሰብ አቅቶት ነው?» አለችኝ። እስካሁን እዚያው ጥያቄ ላይ ናት። ማታ ማታ እራት አቅርባ እሱን ትወቅሰዋለች።

በሩ ላይ የተባባልነውን ለእሷም ለኮሚቴውም አልተናገርኩም። ከሥራ አስኪያጁ በቀር የሰማ የለም፤ እሱ ደግሞ አይናገርም፤ ሰምቶ ዝም ማለቱ እሱንም ያስጠይቀዋል። ልጄ፣ ከእንግዲህ ምንም አልለምንሽም፤ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ። ያች ንግግር በእኔና በአንቺ መካከል ትቅር። ለሌላው ሁሉ የመጣውን እቀበላለሁ። ይህን ግን እናትሽ ፊት መናገር አልችልም። በቀረኝ ዕድሜ ደጇን መርገጥ እፈልጋለሁ።

አጎትሽ

•

ግንቦት 19 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። የመጋቢቱን አንብቤ አሥራ ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም። ከዚያ ገባሁ። ብዙ ጊዜ ብዕር አነሳሁ፤ አጎቴ የሚለው ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ዛሬ ጽፌዋለሁ፤ ከዚህ ሌላ የምጠራዎት ስም የለኝም።

ስለ ሰማያዊው የሠሩት ትልቅ ነገር ነው። ከልቤ ነው የምለው። አርባ ስድስት ቤተሰብ ወጥቷል፤ እንዲያ ባይሆን ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል እኔ በቁጥር አውቃለሁ፣ እርስዎ ደግሞ በዓይንዎ አይተዋል። ይህ አባባን አይመልስም። በሩ ላይ የሆነውም ይህን አያጠፋውም። ሁለቱን ማቻቻል አቅቶኝ ነው የዘገየሁት፤ አሁንም አልቻልኩም።

የለመኑኝን ግን አልሰጥዎትም።

እናቴ ባለፈው እሑድ በስልክ አባባን ስትወቅሰው ሰማኋት። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ ሳያስበኝ ሄደ አለችኝ። አልሄደም፣ አጎቴ። እሱ ለመሞት አልወጣም። ጠይቆ፣ መልሱን አምኖ፣ ጊዜ አለኝ ብሎ ነው የወጣው። የታመነው ሰው እርስዎ ነበሩ። እናቴ ይህን ካላወቀች እስክትሞት ድረስ የምትጣላው ከንጹሕ ሰው ጋር ነው።

እኔ ብነግራት ቀላል ነበር። ስልኩን ይዤ ብዙ ጊዜ ልጀምር ነበር። ግን የእኔ ቃል አይደለም። በእኔ አፍ ከሰማችው ወሬ ይሆናል።

ፍርድ ቤቱ ጠርቶኛል፤ እመጣለሁ። ግንቦት 27 ቀን እገባለሁ፤ አይቀበሉኝ፣ ብቻዬን እናቴ ቤት እደርሳለሁ። በማግስቱ ስለ ብረቱ እናገራለሁ። በስንት ዲግሪ እንደሚደክም፣ ልባሱ ቢኖር ስንት ደቂቃ ይቆይ እንደነበር፣ ባይኖር ስንት እንደሚቀረው እናገራለሁ። በዚህ ላይ ለእርስዎ አላደላም፣ በእርስዎ ላይም አልጨምርም። ስጨርስ ወርጄ እናቴ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ እጇንም እይዛታለሁ።

ከዚያ በኋላ የሚነሱት እርስዎ ነዎት። በሩ ላይ ምን ብሎ እንደጠየቀዎትና ምን ብለው እንደመለሱለት ይናገራሉ። እሷን እያዩ።

እስከዚያው ወገብዎን ይማርልኝ፤ ቆመው እንዲናገሩ እፈልጋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ